ሰማንያ ሰባት

ኒካራጓ፣ ኤስቴሊ፣ ጧት ሳይቀምስ ቁርሱን፣
ኤቫሪስቶ ቀማሹ ውሃ አጠጣ ምላሱን።
ከፊቱ አንድ ሲጋር፣ ቀለበት የሌለው፣
ሦስት መቶ ብቻ ነው የተጠቀለለው።

ሳይለኩስ አሸተተ፤ የኮርቻ ቆዳ፣
ዘቢብ፣ የዝግባ ሣጥን፣ ዝናብ ያየ ሜዳ።
ጫፉን ቆረጠና በክብሪት ለኮሰ፣
ጭሱን ባፉ ይዞ ባፍንጫው መለሰ።
መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ «መጀመሪያው በርበሬ፣
ቀጥሎ ኮኮዋ፣ የተቆላ ፍሬ።»
አመዱ ነጭ፣ ጥኑ፤ ጣት አከለ ሳይረግፍ፤
«ዘጠና አራት» ብሎ ዳዳው ወዲያው ሊጽፍ።

ግን ከወገቡ በታች መሳቡ ከበደ፤
ጭሱ እንደ ባለዕዳ እየቆመ ሄደ።
ቋጠሮ አለ ውስጡ፤ ቅጠሉ ተጨንቋል፤
ይህን አጠቃለል ኤቫሪስቶ ያውቃል።
የኑቢያ ነው፤ የሷ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አንድም ታንቆ አያውቅም ሲጋሯ ከመሃሉ።
አውራ ጣቷ አብጦ ወሩ ገሠገሠ፤
እሷ ዝም ብትልም ሲጋሩ ተነፈሰ።

«ሰማንያ ሰባት» ጻፈ፤ አልሰረዘም፤
ለወዳጅ ተብሎ እውነት አልበረዘም።
ከዚያ ወረደና ወደ ሠራተኞቹ
(ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ይሮጣሉ እጆቹ)
ከወንበሯ ኋላ ቆሞ፦ «አሳዪኝ ጣትሽን»
አላት።
ደበቀችው ከሽርጧ ውስጥ እጇን።

ፎቅ ላይ የቀረው ግማሽ ይጤሳል ብቻውን።