የሚያበቃበት ቀን

ሮዶፒ ተራራ፣ ጭጋግ ከሚያድርበት፣
ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሸረሪት ካደራበት፣
ሚዛንና ጠርሙስ፣ ወንፊት ተሸክሜ
ወጣሁ ላስተምራቸው፣ በከተማ አቅሜ።

በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አፈንግጦ
ዘጠኝ አሮጊቶች፣ ቬልኮ በመሃል ተቀምጦ።
«ቀጋ የሚለቀም» አልኩ «ውርጭ ሲመታው ነው።»
አንዷ ጆንያ ፈታች፤ ለቅመው ጨርሰው ነው።

«ጦስኝ፣ ሃያ ግራም።» ስታሜና በእጇ
ጨበጥ አርጋ ድስቱ ላይ ልትበትን ስትል
ቀማኋትና መዘንኩት።
ሃያ።
ዝም አልኩ።

ዋጋ ላይ ተጣላን። «እናቴ ላመመው
በነጻ ያጠጣችውን፣ እኔ ልቸረችረው?»
«የእናትሽ ጣራ» አለ ቬልኮ «አያፈስም ነበር፤
ሦስት ዩሮ ብለሽ ጻፊ፣ እንዳንከራከር።»

ጻፈች። ስም፣ መጠኑ፣ የመንደሩ አድራሻ፤
«የሚያበቃበት ቀን» ይላል መጨረሻ።
እስክሪብቶው ቆመ።
«ሰማንያ አራት ዓመት የእኔን ማንም ሳይጽፍ
ለቀጋ ቀን ልቁረጥ? ተይኝ፣ ይለፍ፣ ይለፍ።»

ቅዳሜ ስሞልያን፣ ገበያው ዳር ቆመን
አሥራ አንዱን ሸጥን፤ ሳንቲሙን ቆጠርን።
አሥራ ሁለተኛውን
ሲመሽ፣ ለሚያስለው ለአውቶቡሱ ሹፌር፣
ዋጋውን በጥፍሯ ፍቃ፣
ቀኑን ባዶ ትታ፣
በመስኮት አቀበለችው።