የእንቁላሉ መደርደሪያ

እኛ ቤት፣ ፍሪጁ ውስጥ፣ እንቁላል በሚቀመጥበት፣
እንቁላል የለም፤ መርፌ ነው የተደረደረበት።
"ብርድ ይወዳል፤ በረዶው ግን እንዳይነካው" ተብለን፣
ከሜክሲኮ ልደታ ድረስ ሳጥኗን እንደ አራስ አቅፈን፣
ታክሲ ላይ ሰው ሲገፋን ክርናችንን አጥር አድርገን፣
አመጣነው።

ዋጋውን አትጠይቁኝ። የእናቴ ሐብል ተሸጠ፤
የምንተስኖት ዕቁብ ወጣ፤ በወጣ በማግስቱ ሰመጠ።

ማታ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ሲል፣ እጁን ታጥቦ ይቀርባል።
ብረት የሚበይድ እጅ፣ እሳት የማያስፈራው፣
ለሆዴ ቆዳ ሲደርስ እንደ ወባ የሚያንዘፈዝፈው።
"አሳመምኩሽ?" ይለኛል፣ ገና ክዳኑን ሳይነቅል፤
ሳቃችን ሳያልቅ፣ መርፌው ገብቶ ይወጣል።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ።
አራት ፎቅ በስልክ ብርሃን፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ፣
ታች ሙዘይን አሣ ቤት ገብቶ "በረዶ አበድረኝ" አለ።
ያን ሰሞን ፍሪጁ ሁሉ አሣ አሣ ይል ነበር፤
"ልጃችን ዋናተኛ ነው" እያልን በሳቅ ስናድር።

ፍሬው ሳይመጣ በፊት ሆዴ ቀድሞ ተነፋ።
ፍርድ ቤቱ፣ መዝገብ ቤት፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች
"ጥቁር ሰው ይውጣልን!" አሉኝ፤ "ጨጓራዬ ነው" ብዬ ሸሸሁ።
ውሃ ነበር፤ እንቁላሌን ያበዛው መድኃኒት የጠራው ውሃ፣
ትንፋሼን ከጎድኔ ያስለቀቀ፣ እንደ ተከራይ ድሃ።

ከዚያ፣ በሰባተኛው ሳምንት፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ፣
ሁለት ነቁጥ ብልጭ ድርግም፣ እንደ ቆመ ታክሲ ፍሬቻ ሲታይ፣
ምንተስኖት ወንበር ፈለገ።
እኔ "ሁለት" የምትለውን ቃል እንደ ምራቄ ዋጥኋት።

ደስታ እንደሚያሳብጥ ማን ነገረኝ?
በሰባተኛው ወር ቀለበቴ አነቀኝ፣ ጫማዬ ካደኝ።
ራሴን ለሁለት ሲፈልጠኝ ግድግዳው ላይ ፍንጣሪ አየሁ፤
የባሌ ብየዳ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁንም አየሁ።

ጥቁር አንበሳ፣ ሲስተር ጽጌማርያም ክንዴን አሰረች፤
ነፋች። ቆጠረች። ደግማ ነፋች። ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ነገረች።
"መርፌው ነው?" አልኩት። "ያ ሁሉ መርፌ?"
ቶሎ አልመለሰም።
"በዚህ መንገድ ሲመጣ፣ መንታም ሲሆን፣
ግፊት ይበረታል፤ ይህን እናውቃለን።
አንቺን ለምን እንደመረጠ ግን አላውቅም። ጥፋተኛ የለም።"
እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የኖርኩ፤
ተከሳሽ የሌለው ፋይል የት መደርደሪያ ይቀመጣል?

በሠላሳ ሁለት ሳምንት፣ በኦፕራሲዮን፣ በጥድፊያ።
"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ ኮሪደር ላይ፣ በሹክሹክታ፤
ዕልልታውን ለመቼ ቆጥበውት እንደሆነ እንጃ።
አንዷ ኪሎ ከአራት መቶ፣ አንዱ ኪሎ ከስድስት መቶ፣
ከመስታወት ማዶ።
በቀዳዳው እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴን ያዘችኝ፣
ያበጠውን።

ቤት የተመለስኩት ባዶ እጄን ነው።
አሁን እንቁላሉ መደርደሪያ ላይ ሁለት ብልቃጥ ቆሟል፤
ሁለት ሁለት ጣት ወተት፣ ከጡቴ የታለበ፣
ጠዋት በዚያችው ሳጥን የሚሄድ።

ይኸው፣ መብራት ጠፋ።
ምንም አላልኩትም። ምንተስኖት በጨለማ ጫማውን ያስራል።
ሙዘይን ገና አልዘጋም።