ተ የምትባል ፊደል

የሰባት ሰዓቱ ዜና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣
የከዚራ ዛፍ እንኳ ጥላውን ሲሰስት ለሰው፣
ዚያዳ መጣች።
ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤
የደቻቱ አሸዋ ሞልቶት ይሆናል፣
ወይ ስቱዲዮው የጸሎት ቤት መስሏት፣ ማን ያውቃል።

ከልጅ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት፤
አርባ ስም፣ ሰማያዊው ቀለም ሃያኛው ላይ አልቆባት
በቀይ የቀጠለችው፤
ከታች፣ አርባ አንደኛው፣ «ሕፃኑ» ነው የሚለው —
ሰባት ቀን አልሞላው፣ ስም አልወጣለት።

«የእነሱን አንብብልኝ፣ የገደሏቸውንም ስም፤
ከጀርባው ጽፌዋለሁ። አልተሳሳትኩም።»

ጋሽ ተሾመ፣ አዘጋጃችን፣ መነጽሩን ወለወለ፤
«ገደሉ» ከሚለው ፊት አንዲት ፊደል ተከለ፤
«ተገደሉ።»
ስሞቹም ተደመሩ፣ «ከአርባ በላይ» ተባሉ።
ሕፃኑ «በላይ» በምትለው ቃል ውስጥ ቀረ።
«ጎረቤት» ተሰርዞ «ታጣቂ» ሆነ፣ «ያልታወቀ»፤
ያ ወንፊት ሲዋሳት የኖረ፣ ሰርጓ ላይ የሳቀ።
ወረቀቱን መለሰልኝ፤ ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

ጨካኝ አይደለም። ማን እንደሾመው እንኳ አያውቅም፤
ስሙ የሚጀምርባትን ፊደል ሰው አይጠላም።
እኔም ብሆን አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ለገሃር ሰፈር፣
ብርጭቆ ሰብሬ «ተሰበረ» ስል
ከአባቴ ቀበቶ እሷ ታስጥለኝ ነበር።

አነበብኩ። በሰለጠነ ድምፅ፣ ትንፋሼን መጥኜ፣
አሥራ ሁለት ሰከንድ ለሞቱት አዝኜ፤
ከዚያ የኳስ ውጤት፣ ከዚያ የታይዋን ሸቀጥ ማስታወቂያ።
ዚያዳ ከመስታወቱ ወዲያ
ጣቶቿን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ በየስሙ ልታጥፍ፤
አንዱም አልታጠፈም።
ስወጣ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤
«እንግዲያ በራሳቸው ነው? ማንም አልነካቸውም?»

ማታ ደቻቱን ስሻገር አሸዋው ደረቅ ነው፤
ሰማዩም ጥርት ያለ። ግን የድሬ ሰው ያውቀዋል —
ጎርፍ እዚህ የሚደርሰው
እዚህ ሳይዘንብ ነው።
ላይ ደጋው ሲጠቁር ማን ቀድሞ ይነግረዋል?

ወረቀቱ ታጠፈ፤ ኪስ ውስጥ ተቀመጠ።

አይ።
አጠፍኩት። ኪሴ ከተትኩት።
ያንን ዜና፣ በገዛ አፌ፣ እኔ አነበብኩት።