የእንድሪስ ሸክላዎች

ሰኞ ገበያ ዳር፣ ካሮጌ ብረት ሥር፣
እንድሪስ ሸክላውን በካርቶን ሲደረድር፣
«ሸክላው ስንት ነው?» አለች አንዲት እናት መጥታ፣
ለሽሮ የሚሆን ድስት ልትሸምት ወጥታ።
ሳቅን። እሷም ሳቀች።

እኔ ጣቴ ጠቁሮ አንድ ባንድ ስገልጥ፣
ጭረቱን በፀሐይ አይቼ ስመርጥ፣
አንዱን ከልባሱ ጋር ተጣልቶ አገኘሁት፤
ሽፋኑ የሴት ፊት፣ ውስጡ የወንድ ስም አለበት።
«ልለያቸው?» ብለው እንድሪስ ተቆጣ፦
«አርባ ዓመት አብሮ ኖሮ ከአንድ ቤት የመጣ፣
ያረጀ ትዳር ነው፤ ምን ቆርጦህ ታፋታ?»

ሳልከራከር ገዛሁ፣ ጦሳ ጉም ሳይለብስ።
ማታ መርፌው ሲያርፍ፣ ዘፈኑ እስኪደርስ፣
ሸክላው ተንተከተከ፤ እንደ ሽሮ፣ ቀስ በቀስ።

ያቺ ሴት ግን ድስቷን አገኘች ይሆን?