የሚሻገር ሰዓት

የሰኔ ቀትር ነው፤ ከከዚራ ዛፎች ሥር ውሻ እንኳ አይታይም፤
የቢሮዬ ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ነፋስ አያውቅም።
ዱሬቲ ጉደታ ወረቀቷን ዘርግታ ከፊቴ ተቀምጣለች፣
ከሁለት ዩኒቨርሲቲ የለቀመችውን ሰባ አንድ ሰዓት ይዛ መጥታለች።
አንዱ በግርግር ተዘጋባት፤ ከአንዱ በወሊድ ወጣች፤
ያቺው ልጅ አሁን ጠረጴዛዬ ሥር የማኅተሜን ክዳን ትነክሳለች።

እኔ ሬጅስትራር ነኝ። ሥራዬ ማሻገር፣
ከዚያኛው ሰነድ ወደዚህኛው መዝገብ፣ ቁጥር በቁጥር።
አባቴም ምድር ባቡር፣ ዕቃ ማራገፊያው ላይ፣ ባለሚዛን ነበር፤
ከጅቡቲ የመጣ ጆንያ ሁሉ በሱ ዓይን ነው የሚሻገር።
«ሚዛን አይዋሽም» ይለን ነበር፣ «የሚዋሸው ድንጋዩ ነው»፤
ይህን ሲል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርፌውን እራት ላይም እንደሚያየው።

እኔም አንዱን ጨፈንኩ።

እንግሊዝኛ አንድና ሁለት፦ ይሻገራል።
ሥነ አመክንዮ፣ ሲ ፕላስ፦ ይሁን፣ ይሻገራል።
ሒሳብ፣ ሲ ማይነስ፦ ደንቡ «ከሲ በታች አይያዝም» ይላል።
«የታመምኩ ሰሞን ነው» አለች። ደንቡ መች ታሞ ያውቃል።

የጎርፍ ስሌት፣ አራት ሰዓት፣ ኤ።
ከወረቀቱ ሁሉ ያቺ ብቻ ናት ኤ።
እኛ ዘንድ ነርስ አለ፣ አካውንቲንግ አለ፤ ጎርፍ የሚያሰላ ክፍል የለም።
«አቻ የለውም» ብዬ ጻፍኩ ጠርዙ ላይ፣ በቀይ ቀለም።
አነበበችው፤ ሳቀች። «አቻ የለውም? ተመስገን፣
አንድ ሰው እንኳን አመነልን!

ደቻቱን እኮ ነው የለካነው፣ አሸዋውን፤
ደረቅ ነው ተብሎ ገበያ የሚዘረጋበትን፣ ኳስ የሚለጉበትን።
መምህራችን ‹ወንዝ ውኃው አይደለም› ይለን ነበር፣
‹ውኃው የማይረሳው መንገድ ነው›፣ ደጋግሞ፣ እስኪሰለቸን ድረስ።»

የደቻቱን ሌሊት አውቃለሁ። የጎረቤታችንን በር
በነጋታው ሌላ ሰፈር አገኘነው፤ እንደተቆለፈ ነበር።
ይህን አልነገርኳትም። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ይልቅ የሚጎድላትን ቆጠርኩላት፣ ለሁሉ ግዴታ የሆነውን፦
የብሉይ ኪዳን ዳሰሳ፣ የአዲሱንም፣ የክርስቲያን ሥነ ምግባርን፣
አካል ብቃት ሁለት ሰዓት፣
ሐሙስ ሐሙስ ጸሎት ቤት፤ ክሬዲት የለውም፣ መቅረት ግን ያስጠይቃል።

«አካል ብቃት?» አለች። «ከሳቢያን በእግሬ ነው የመጣሁት፣
ይህቺን አዝዬ፣ ፀሐዩን በነጠላ እየመከትኩት።
ብሉይ ኪዳንም ቢሆን… እናቴ ኦሪትን በኦሮምኛ፣ በቃሏ ነው የምታወርደው፤
የኖኅን መርከብ በሰባት ዓመቴ በክንዴ ለክቻለሁ፤ ግቢያችን አልበቃው።»
«ሰነድ አለሽ?» አልኳት።
አፌ ነው ያለው። እኔ መርከቧን እያየኋት።

ከዚያ ቅጹን ገለበጥኩት። ከጀርባው ማንም የማይሞላው መስመር አለ፦
«የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሦስት ሰዓት፣ ወይም ዲኑ የፈቀደ እንደሆነ» ያለ።
ዲኑ፣ ፓስተር ኢተፋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ፤
«መቼም ጎርፍ ከፍጥረት ወገን ነው» አሉ፤ ትንሽም አሰቡ፤
ሦስቱን ፈረሙ። አራተኛዋን «ይህቺ የት ትገባለች?» ብለው ሰረዟት።

ዱሬቲ አመሰገነችኝ፣ ስለተሰረዘችውም ጭምር።
ልጅቷ መዳፏን በማኅተሜ መትታ ወጣች፤ «ትክክለኛ ግልባጭ» ይል ነበር።

ማታ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ድልድዩን ትቼ በአሸዋው ወረድኩ፤
ከዳር እስከ ዳር ልለካው ብዬ እርምጃዬን ቆጠርኩ።
መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ከመሃል ቆሜ ቀረሁ።
ግመሉን የሚያስከትል ሰው ከነዱላው ቆሞ፣ «ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።
«አንድ ሰዓት» አልኩት።
እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ፣
«ሩብ ጉዳይ ነው፤ ይደርሳል» ብሎኝ አለፈ።