አፍዎን ይክፈቱ

ማክሰኞ ማታ ነው የኔ ተረኛነት፣
ከምሽቱ ሁለት እስከ እኩለ ሌሊት።
ብርድ ልብስ ከእግሬ፣ ስልኩ ከጉልበቴ፣
ጆሮ ብቻ ሆኗል የጡረታ ሀብቴ።
ሠላሳ አምስት ዓመት ጥርስ ስነቅል ኖሬአለሁ፣
ዛሬ ቁጭ ብዬ ሰው ሲነቀል እሰማለሁ።

የሚደውሉልኝ የሙያ ጓዶቼ ናቸው፤
ስም አልጠይቃቸው፣ ሰፈር አልጠይቃቸው።
አንዱን ጠርሙስ ይዞታል፣ አንዷን ክስ አስሯታል፣
አንዱን እንቅልፍ ሸሽቶ ንጋት አስጠልቶታል።

የዚህችን ደሴት ስም ግን አልጽፍላችሁ፤
ከስኮትላንድ ሰሜን፣ ባሕር መሀል ናት ልበላችሁ።
የጥርስ ሀኪሞቿ ካንድ እጅ ጣት አይዘሉ፣
ደሴቷን ከጠራሁ ሰውየውም ታወቀ በሉ።

የጥር ወር ነበር። ነፋሱ ጣሪያውን በጥርሱ እየጎተተ፣
ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁ፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ድምፅ አጥቶ የሰነበተ።
አልቸኮልኩም። ያበጠ ድድ ላይ ጣት በቶሎ አያርፍም፤
ማደንዘዣው ሳይዝ መሰርሰሪያ አያልፍም።
«አለሁ» አልኩ። ቆይቼ ደግሞ «አለሁ»።
ሦስተኛው ላይ መለሰ፦
«እኔ ግን የለሁም።»

ያን ጊዜ ድምፁን አወቅሁት።
ክሊኒኬን ከነወንበሩ፣ ከነበሽተኛው የሸጥኩለት፣
መጀመሪያ ጥርስ ሲነቅል ክርኑን የደገፍኩለት።

ደንባችን እንዲህ ይላል፦ ካወቅሽው ደብቀሽ አትስሚው፣
ምርጫውን ለራሱ ስጪው።
«ድምፅህን ለይቻለሁ» አልኩት፤ «ከፈለግህ ዝጋ፣
ሌላ ሰው ያናግርሃል፣ ከሩቅ ከተማ፣ ሳይነጋ።»
ነፋሱ ቆመ። ወይም ለኔ የቆመ መሰለኝ።
«እኔም የእርስዎን አውቄ ነው» አለኝ፣
«ማክሰኞን የጠበቅሁት።»

የነገረኝ የእሱ ነው። ሆድ ይፍጀው።
የኔን ግን ልናገር፣ የኔን ባወጣው ማን ሊከሰኝ ነው፦
ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ የበሽተኛን ማስታገሻ
ከቁምሳጥኔ እየቆጠርኩ፣ ለቀኑ መጨረሻ፣
ከዚያ ለቀኑ መጀመሪያ፣ ከዚያ ሳልቆጥር፤
ነጭ ካፖርት ለብሼ ስስቅ፣ ስቀልድ፣ ስሰረስር።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ሆድ ሲያለቅስ ይስቃል፤
እኔ ባዳውን ሳክም ሆዴን ማን ያውቃል?

አንድ ሌሊት ደወልኩ። አንዲት የዌልስ ሴት፣ ድምፅዋ ሻካራ፤
ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። «የቁምሳጥኑን ቁልፍ» አለች፣ «ለሌላ ሰው አደራ፤
ከዚያ ሀኪም ጋ፤ ከዚያ ሐሙስ መልሰሽ ጥሪኝ።»
ይህችው ናት ምክሯ። ይህችው ናት ያኖረችኝ።

ለእሱም ያንኑ አልኩት።
በሳምንቱ ደወለ። በቀጣዩ ማክሰኞ አልደወለም፤
ስልኩን አቅፌ አደርኩ፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ከዚያ ደወለ።

ኤርሌንድ፣ ባሌ፣ ከደረጃው ላይ «ማን ነበር?» ይለኛል፤
«የተሳሳተ ቁጥር።»
«ሁለት ሰዓት ሙሉ?» ይስቃል። ገብቶታል።

መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ ዓሣ ነጋዴው ደጅ፣
«ደህና አደሩ?» ይላል፤ «ደህና አደርክ፣ ልጅ?»
ሌላ ምንም የለም። ስለ ዝናቡ እናወራለን፣
ዓሣችንን ይዘን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

በግንቦት መንጋጋዬ ሌሊቱን ሲነዝረኝ አደረ።
በጀልባ ብሻገር ሌላ ሀኪም ነበረ፤
አልተሻገርኩም።
በዚያው በድሮ ወንበሬ ላይ ተንጋለልኩ፣
መብራቱ ሲበራ ጣቶቹን አየሁ።
ጥፍሮቹ ተበልተዋል። ጣቶቹ ግን ረግተዋል።
የቁምሳጥኑ ቁልፍ ከረዳቱ አንገት ላይ ይወዛወዛል፤
ይህን አላየሁም።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ።
አምስት ወር ሙሉ የዘጋሁትን
ለእሱ ከፈትኩት።