ያቺ ራይት

ሌሊቱን ሙሉ ሲታደስ አድሮ
ጠዋት ላፕቶፔ በአዲስ መልክ ተነሣ፤
ዋይፋዩ ግን ሰባት ደቂቃ ኖሮ
ድርግም። ይመጣል። ደግሞ ድርግም።
የሂርማታ ዝናብ እንኳ እንዲህ አይቆራረጥም።

ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፤
የይለፍ ቃሉን አስረስቼ እንደገና አስጠናሁ፤
ቴሌን ወቀስኩ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ወቀስኩ፣
የጎረቤቴን የነስሩን ብየዳ ወቀስኩ።
ፈትያ ፍላሿን ጨብጣ ከባንኮኒው ማዶ፦
«የመመረቂያ ጽሑፌ እስከ አሥር ሰዓት ካልተላከ...»
አልጨረሰችውም።

ከቅንብሩ ጓዳ፣ ከመጨረሻው መስኮት ጥግ፣
አንዲት ራይት አድፍጣ አገኘኋት፦
«ኃይል ለመቆጠብ ይህን መሣሪያ አጥፋ።»
ያደረግኳት እኔ አይደለሁም፤
እድሳቱ ነው፤ ለባትሪዬ አዝኖ፣ ሳይጠይቀኝ።

አነሣኋት። ሰባት ደቂቃ አለፈ። ስምንት።
«ሄደ!» ብላ ጮኸች ፈትያ፤
ክው ብዬ ዞርኩ፤
የሄደው ጽሑፏ ነው።

ማታ ከጅማ አጋሮ ለአባቴ ደወልኩ።
ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ እንደ ልማዱ፣
«በል፣ ካርድህ እንዳያልቅ» ብሎ ሊዘጋ ሲል፣
«ቆይ አባባ፣ ያቺን ራይት አንሣት» አልኩት።
«የምን ራይት?» አለ፣
ሳይዘጋ።